የመርዶ ነጋሪው መርዶ

ጎህ ሊቀድ ሲል ነው... ቀራንዮ፣ አጎቴ ቤት በር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ አንተ ቅደም» ይባባላሉ። እኔ መሃላቸው ቆሜ በንዴት ልፈነዳ ደርሻለሁ።

ዘመኑ ጃንሆይ ሊወርዱ ዓመት ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ነው። አጎቴ ጋሽ በዛብህ ዕድሜውን የጨረሰው ኢንሹራንስ ቤት ነው። ቤት ሲቃጠል፣ መኪና ሲገለበጥ ሄዶ ጉዳቱን የሚያይ እሱ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም አላረፈም፤ የሰው ጣሪያ እያየ «ይሄ ሽቦ አንድ ቀን ያነዳችኋል» እያለ ሰፈሩን ሲያሰለች ይውላል።

አንድ ነገር ላይ ግን የሚስተካከለው አልነበረም... መርዶ። እድሩ ሰው ሊያረዳ ሲሄድ እሱን ከፊት ያደርጋል። ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም፤ ሰውየውን አስቀምጦ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ ይነግረዋል። የሌሎቹ ሥራ ከኋላ ሆኖ ራስ መነቅነቅ ነው።

እና ሞተ። ሆስፒታል በተኛ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እጄ ላይ አረፈ።

በቀጥታ የሄድኩት ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ደግፌ ነው።

«ለአስካለ ዛሬ ትንፍሽ እንዳትል!» አሉኝ። «ሰው ሳይሰበሰብላት ሌሊቱን እንዴት ትገፋዋለች? ጠዋት መጥተን እናረዳታለን። ወጉ እንደዚያ ነው።»

ወጉ ነው ብዬ አብሬያቸው ወደምኖርበት ወደ አጎቴ ቤት ገባሁ። ሚስቱ እትዬ አስካለ እግሯን ስለሚያማት ሆስፒታል አትመላለስም፤ ወሬውን የምትሰማው ከእኔ ነው። እራት አቀረበች።

«ዛሬስ እህል ቀመሰ?»

«ትንሽ... ሾርባ ጠጥቷል» አልኳት።

«ተመስገን!» ብላ አጎረሰችኝ። እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ይኸው ነጋና ሽማግሌዎቹ መጡ። መጥተውም በር ላይ ይጨቃጨቁ ጀመር!

«ደግፌ፣ ዳኛው አንተ ነህ፣ አንተ ንገራት።»

«ዳኛ ብሆንስ? መቼ ተናግሬ አውቃለሁ? ሁሌ በዛብህ አይደል እንዴ የሚናገረው!»

«እንግዲያው ልጁ ይንገራት።»

እኔ! ሌሊቱን ሙሉ አፌን ሸብበው ያሳደሩኝ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። «ለዚህ ለዚህማ ማታውኑ በነገርኳት!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት በሩ ተከፈተ።

እትዬ አስካለ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከኋላቸውም ሰው ፈለገች። እነዚህ ሰዎች በዚህ ሰዓት ለምን እንደሚመጡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«በዛብህ ሳይኖር ለመርዶ መጥታችሁ አታውቁም» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ራሱ ነዋ!»

አቶ ደግፌ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍነው ይንሰቀሰቁ ጀመር። እሷ ግን ገና አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ትናንት ማታ ሳጎርስህ... ታውቅ ነበር?»

አቀረቀርኩ። ያኔ ነው የጮኸችው።

አሁን እኔም ሸብቻለሁ፤ የሽማግሌ ወግ ይጠበቅብኛል። ግን ሰው ሲሞት «ነገ ጠዋት ይነገራቸው» የሚለኝን አልሰማም። ባለጌ በሉኝ፣ ወግ አያውቅም በሉኝ... መርዶ አላሳድርም።