በፀሐይ ያሳበበ ቀያሽ
ሸኮ ላይ አባቴ ያወረሰኝን የቡና ማሳ የለካው ቀያሽ ድንበሩን ወደ እኔ ገፍቶ አንድ ረድፍ ቡናዬን ለጎረቤቴ ሰጠው። ስጮህበት ጂፒኤሱን እያሳየኝ፣ «መምህር፣ ፀሐይ በየአሥራ አንድ ዓመቱ ማዕበሏ ይብስባታል። ዘንድሮ የምድርን መግነጢስ ስለምትረብሽ ሳተላይቱ ይሳሳታል» አለኝ። ቴፒ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ፊዚክስ ለእኔው! ይበልጥ ያናደደኝ ደግሞ እውነትነቱ ነው።

«በል ድገመው» አልኩት። በማግስቱ ደገመው፤ ድንበሩ ጭራሽ ብሶበት ወደ እኔ ገባ። በሳምንቱም ከጎረቤቴ ቤት ምሳውን በልቶ፣ ጣቱ ቅቤ በቅቤ ሆኖ መጣና ለካ። አሁንም ወደ እኔ!

«ስማ» አልኩት፣ «ፀሐይ ብትሆን ኖሮ አንዳንዴ ወደ እሱም ትሳሳት ነበር። እሷ የማንንም ምሳ አትበላም።»