ስምሽን አስገቢ

ጋሼ ጥንቅቅ እንላቸው ነበር። ጠዋት ሲገቡ ወንበራቸውን ብቻ ሳይሆን የኛንም ከጠረጴዛው ጋር ያስተካክላሉ፤ እኛ ደግሞ እሳቸው ዞር ሲሉ እናጣምመው ነበር፤ ሥራ ፈት ሁላ!

የምንሠራው ለክሊኒኮች የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። ማን ምን እንደቀየረ፣ መቼ እንደቀየረ፣ አንድ ሳያስቀር የሚመዘግብ ሶፍትዌር አለን። ለአዲስ ሠራተኛ ኮምፒውተር የሚያዘጋጁት ጋሼ ነበሩ። ሰው እንዳይንገላታ ብለው ከራሳቸው ማሽን ላይ ሴቲንጉን ከነስማቸው እንዳለ ይገለብጡለታል። ስለዚህ አዲሱ ሰው እስኪቀይረው ድረስ ሥራው ሁሉ የሚመዘገበው በሳቸው ስም ነው።

"ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ስምሽን አስገቢ" አሉኝ በገባሁ ቀን። አንዲት መስመር ናት። "እሺ ጋሼ" አልኩ። ነገ፣ ነገ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ።

በሦስተኛው ሳምንት ስሌቱ ውስጥ አንዲት የአሥርዮሽ ነጥብ ያለቦታዋ አስቀመጥኩ። አንድ ክሊኒክ ውስጥ የአራት ዓመት ልጅ አሥር እጥፍ መድኃኒት ተሰጥቷት ሞተች።

ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ግድግዳው ላይ አሳየን፤ የጋሼ ስም ነው።

"እኔ አልነካሁትም" አሉ።

"መዝገብ አይዋሽም" አላቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። ገብቷቸዋል። ያኔ ከኔ በቀር አዲስ ሠራተኛ አልነበረም። የባለቤታቸው የኩላሊት እጥበት በመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ እንደሚሸፈን አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ምን ይባላል? እሳቸውም አልጠቆሙብኝም፤ ራሴ እስክናገር እየጠበቁ ነበር መሰለኝ። ሲታክታቸው "እጄ አመድ አፋሽ" ብለው መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

ከሥራ ተሰናበቱ፤ ኢንሹራንሱም በዚያው ወር ተቋረጠ። ባለቤታቸው የቆዩት እጥበቱን እየዘለሉ እስከ አራተኛው ወር ነው።

ለቅሶ ሄድኩ። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። ጎንበስ ብዬ ሳጽናናቸው እጄን ያዙኝ።

"ስምሽን አስገባሽ?"

"አዎ ጋሼ።"

"መቼ?"

"የወጡ ዕለት ከሰዓት።" ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ዘመዶቻቸው ዞረው "ለልጅቷ ወንበር ስጧት" አሉ።