ተቀምሶ የተቀዳ ጠላ

ቢቸና ታሪክ አስተምራለሁ። በየዓመቱ አንድ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ያንቀላፋው ሁሉ ይነቃል፦ አውሮፓን ሲያንቀጠቅጥ ኖሮ፣ በመጨረሻ ባሕር መካከል ባለች ደሴት ተግዞ የሞተው የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት። ሐኪሞቹ ጨጓራው ነው የገደለው አሉ፤ አባቱም በዚያው ሕመም ነበር የሞተ። ሌሎች ግን እስከ ዛሬ ተመርዞ ነው ይላሉ። ተማሪዎቼ ታዲያ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ወይኑን የሚቀዳለት ሰው አይቀምስም ነበር እንዴ?» በእኛ አገር አሳላፊ መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳላ! ድሮ በጥያቄው እስቅ ነበር።

አባቴ ሞጣ ታመው የጎረሱትን ሁሉ ይመልሱ ጀመር። ሆስፒታል ስንወስዳቸው ሐኪሙ የጨጓራ ካንሰር ነው፣ ዘግይታችኋል አለን። እናቴ ከሞተች በኋላ ያገቧት ሚስታቸው፣ ከእኔ እምብዛም የማትበልጥ ሴት፣ አጥሚቱን በማንኪያ እያጎረሰች፣ የተረፈውን ራሷ እየጠጣች እስከ መጨረሻው አስታመመቻቸው። ገና ከቀብር ሳንመለስ ታላቅ እህታቸው፣ አክስቴ፣ ጀመሩ።

«ወንድሜ ጉንፋን እንኳ የማያውቅ ሰው ነበር! መርዝ አብልታው ነው እንጂ!»

«ሐኪሙ ያለውን አልሰሙም እንዴ?» ብላቸው፣

«ሐኪም ምን ያውቃል? ማድ ቤት ገብቶ አይቷል?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ፤ ግን ምን ይደረጋል፣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማውን ዞሮ ነበር።

የአርባው ተዝካር ዕለት እንጀራ እናቴ የጠመቀችውን ጠላ ራሷ ይዛ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። እንደ ወጉ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ለአክስቴ ቀዳች። አክስቴ አልተቀበሉም። ቀጥሎ ለተቀመጠው ጎረቤት ቀምሳ ቀዳች፤ እሱም ጠላ አልስማማ ብሎኛል አለ። ውሸታም! ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አንገቱን ደፋ። የሞላውን ዋንጫ ይዛ ስትዞር ጠላው ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ።

አላስቻለኝም። «ወዲህ በይው!» ብዬ ነጠቅኋትና ጭልጥ አደረግሁት። ደገምኩ። ሰዉ ትወድቅ ይሆን እያለ ያየኛል።

«ይኸው አልሞትኩም! እናንተ ግን እግዜር ይይላችሁ!» አልኩ።

አክስቴ ረጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እሱስ መች በአንድ ቀን ሞተ?» አሉ።

እንጀራ እናቴ ዛሬም እዚያው ቤት ብቻዋን አለች። እሳት የሚጭር ጎረቤት እንኳ የላትም። ግንደወይን ያሉ ዘመዶችሽ ዘንድ ሂጂ ብላት፣ «ከሄድኩማ ጥፋቷን አምና ነው ይሉኛል። ሲሰድቡኝ፣ ልጁ ጠጥታ ይኸው አለች አይደል እላቸዋለሁ» አለችኝ።

ከፋሲካ ወዲህ እኔም የጎረስኩትን መመለስ ጀመርኩ። የሚያውቀኝ እንዳያይ ብዬ የሞጣውን ሆስፒታል ትቼ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሙ ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ አለ ወይ ሲለኝ፣ አባቴ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሞት ለማንም አይቀርም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ አክስቴ በእኔ ለቅሶ ላይ ተቀምጠው የሚሉት ነው። ያን ጠላ አንስተው ያቺን ምስኪን ዳግመኛ ነፍሰ ገዳይ ያደርጓታል።

ባለፈው እሑድ ደወለችልኝ።

«ድምፅሽ ሰለለብኝ፤ እህል ይወርድልሻል?»

«እንዴታ!» አልኳት።

«ተመስገን፤ አንቺ ብቻ ኑሪልኝ» አለች።