የሚዝባን ታክሲ የቆመችበት በር

ሚዝባንን የማያውቅ ሰው ባስራ ውስጥ ሹፌር ነኝ አይበል። አላህ ይዘንለትና ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እኔ ግን ጠዋት ሻይ ቤቴን ስከፍት የዚያች ነጭና ብርቱካናማ ታክሲው ድምፅ አሁንም የሚሰማኝ ይመስለኛል። መኪናዋን እንደ ሙሽራ ነበር የሚይዛት። ሚስቱ ኡም ስሃም "እኔን ሙሽራ ሳለሁም እንዲህ አልያዘኝ" እያለች ታሾፍበት ነበር።

የእሱን ነገር ለማውራት ከጦርነቱ በፊት ልጀምር። ያኔ ሰፈራችን ሰፈር ነበር። በር አይዘጋም፤ የማን ወጥ እንዳረረ ሳይነገርህ ታውቃለህ። ሹክርያና ነዒማ በር ለበር የሚኖሩ፣ ነፍስ ለነፍስ የሚዋደዱ ጎረቤታሞች ነበሩ። በአንድ ሳምንት ወንድ ወንድ ወለዱና ተመካክረው ሁለቱንም ፋሊህ አሏቸው። የሁለቱም ባል ስም ደግሞ ሐሰን ነው። ስለዚህ መንገዳችን ላይ ሁለት ፋሊህ ሐሰን ነበረ፤ አንዱን ስትጠራ ሁለቱም "አቤት" እያሉ ይመጡልሃል። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል፤ ምን አሳፈረኝ።

ከዚያ ከኢራን ጋር ያ ጦርነት መጣና ሁለቱም ፋሊሆች ዘመቱ። እኔ በዚህ እግሬ ምክንያት ቀረሁ። ሬሳ ከግንባር የሚመጣው በታክሲ ነበር፤ ሳጥኑ ጣሪያው ላይ ካለው ፖርቶ መጋላ ጋር ይታሰርና ባንዲራ ይለብሳል። እንዲህ ያለ ታክሲ ወደ ሰፈር ሲታጠፍ እናቶች በሙሉ ከየበራቸው ጀርባ ሆነው የት እንደሚቆም ይጠብቃሉ። ሚዝባን ለዚህ ሥራ የራሱ ሕግ ነበረው። ጡሩምባ አይነፋም፣ የካሴቱን ዘፈን ይዘጋል፣ አድራሻ ከሴት አይጠይቅም፤ የሟቹን ስም ደግሞ ሁልጊዜ እስከ አያቱ ይጠራል።

ፋው የሚባለው ግንባር በተጋጋለበት የብርድ ወራት፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ እኛ ሻይ ቤት በር ላይ መጥቶ ቆመ። ያኔ የሌላ ሰፈር ሰው ስለነበር ማንንም አያውቅም። ሁለት ቀን ሳይተኛ ሲመላለስ ቆይቶ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። "የፋሊህ ሐሰን ቤት የቱ ነው?" አለኝ። አያቱን አልጠራም። እኔም የትኛው ፋሊህ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ደንግጬ እጄን ዘረጋሁና የነዒማን በር አሳየሁት።

ነዒማ ባንዲራውን ስታይ ደጃፏ ላይ ተዘረረች። ሚዝባን ወረቀቱን አውጥቶ ሲያነበው "ፋሊህ ሐሰን ዑበይድ" ይላል። ዑበይድ የሹክርያ ባል አባት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ "ያንቺ አይደለም፣ ያንቺ አይደለም" እያለ ነዒማን ሲያነሳት፣ ቆማ እልል አለች። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ታክሲዋ ዞራ ማዶ ሹክርያ በር ላይ ቆመች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ተነጋግረው አያውቁም። ሠላሳ ዓመት። በረመዳን ከኢፍጣር በፊት በየበሩ ሳህን ይዘዋወራል፤ በእነዚህ በሁለቱ በሮች መካከል ብቻ አይሻገርም። የሚገርመው ሹክርያ የነዒማን ፋሊህ አልጠላችውም፤ ለበዓል ሲመጣ አገላብጣ ትስመዋለች፣ እናቱን ግን ቀና ብላ አታይም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሚዝባን ቤት ተከራይቶ እኛው ሰፈር ገባ። ለምን እንደመጣ ጠይቄው አላውቅም። ስለዚያ ቀን ወሬ ከተነሳ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ በሩን ተሳሳትኩ" ይላል፤ ማን እንዳሳየው አንድም ቀን አላነሳም፣ ለሚስቱ እንኳ። እኔም ዝም አልኩ። እሱ ከሞተ በኋላ መናገሬ ራሱ ያሳፍረኛል።

ታዲያ አንድ ዓመት ሳርመድ የሚባል ወጣት ዳይሬክተር፣ ለረመዳን የሚታይ የጦርነት ድራማ ሊሠራ ከባግዳድ መጣና የሚዝባንን ታክሲ ተከራየ። ሚዝባን ይህን የሁለቱን እናቶች ታሪክ ነገረው። ማታ ሻይ ቤት መጥቶ፣ "አንተ ባለ ሦስት እግር፣" አለኝ ከዘራዬን እያየ፣ "እንደነበረው ካሳዩት እኮ ጥፋቱ የሹፌሩ እንደሆነ ሁለቱም ያዩታል። ሳልሞት ባስታርቃቸው ሌላ ምን እፈልጋለሁ?"

ቀረጻው ጉድ ነበር። ወታደር ሆኖ የሚሠራው ካኪውን አስተኩሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ መጣ። ሚዝባን "ይሄ ልጅ ከግንባር ነው ወይስ ከፀጉር ቤት?" አለ። እናት ሆና የምትሠራዋ ከንፈሯን ተቀብታለች። በድራማው ታክሲዋ ደግሞ በመድፍ ተመትታ ሦስት ጊዜ ትገለባበጥና ሳጥኑ ከላይዋ ሳይወድቅ ትቀጥላለች።

"ምን ዓይነት ገመድ ነው? እኔም ልግዛ" አለ ሚዝባን።

"ሐጂ፣ ሰው ጾሙን ፈትቶ ሆዱን ሞልቶ ነው የሚያየን" አለው ሳርመድ። "ትንሽ እሳት ካላየ ቻናል ይቀይራል።"

ይህን ሁሉ ሚዝባን ቻለው። እልልታው ጋ ሲደርሱ ግን ሳርመድ ከታሪኩ አወጣው። በእሱ ድራማ የተሳሳተው በር እናት ከመሬት ተነስታ ትሮጥና ጎረቤቷን አቅፋ አብራት ታለቅሳለች።

"እንዲህ አልሆነም፣ ልጄ" አለው ሚዝባን።

"በጎረቤቷ ሬሳ እልል የምትል እናት ማን ያምነኛል? ሰው ይጠላታል እኮ።"

"እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ አልጠላኋትም።"

አልሰማውም። ሚዝባን ያን ሰሞን ምግብ አልወርድ አለው። "ሹክርያ ለነዒማ አድልቼ የዋሸሁ ነው የሚመስላት" ይለኛል። "ማስታረቁ ቀርቶ ጭራሽ ቁስሉን ነካካሁት።" እውነቱን ልናገርና፣ እኔ በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በድራማው አድራሻ የሚጠቁም ሰው የለማ።

ያ ክፍል የታየ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ከኢፍጣር በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ተተከለ። መንገዱ የኛ፣ ታክሲዋ የኛ፣ ታሪኩ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ እነዚያ በጦርነቱ ጊዜ ያልተወለዱ ልጆች ሁሉ ወደ ነዒማ ይጎርፉ ጀመር። ግንባሯን እየሳሙ፣ "እናታችን፣ እንዴት ያለ ልብ ነው ያለሽ፣ ያንቺን ድንጋጤ ጥለሽ ጎረቤትሽን ያቀፍሽ" ይሏታል።

አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ እኔና ሚዝባን በጾሙ ምክንያት ከተዘጋው ሻይ ቤቴ ፊት ተቀምጠናል። ነዒማ በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በሌላው ክዳን የደፋ ሳህን ይዛ ወጣች። መንገዱን ተሻግራ የሹክርያን በር አንኳኳች። ሚዝባን ብድግ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሹክርያ ከፈተች።

"ሹክርያ፣" አለች ነዒማ፣ "ትናንት ያሳዩት ውሸት ነው። ሮጬ አላቀፍኩሽም። በልጅሽ ሬሳ እልል ነው ያልኩት። ባላደረግሁት ደግሞ ስመሰገን ዋልኩ። አልቻልኩም፣ እህቴ። ስደቢኝ።"

ሹክርያ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው።

"እልልታሽንማ ሰምቼዋለሁ" አለች። "እኔም ያን ቀን ከዚህ በር ጀርባ ነበርኩ። ታክሲዋ ስትታጠፍ አየኋት። አንቺ ጋ ስትቆም 'አልሐምዱሊላህ' አልኩ፣ ነዒማ። አንቺ መሬት ላይ ተዘርረሽ እያየሁሽ 'አልሐምዱሊላህ፣ የኔ አይደለም' አልኩ። ካንቺ እልልታ የኔ ይቀድማል። ሠላሳ ዓመት ፊትሽን ማየት ያቃተኝ እሱ ነው።"

ከዚያ ሳህኑን ተቀበለቻትና፣ እንዳትወድቅ በክንዷ ደግፋ ወደ ውስጥ አስገባቻት።