ለክረምት ያደረቅኩት እንጆሪ

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ አንዷ ባልደረባዬ የደረቀ ፍራፍሬ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ "ቅመሺ" አለችኝ። አንዷን ፍሬ ነከስ ሳደርጋት ያ ጎምዛዛ ጣዕም ምላሴን ያዘው። ምን ልበላችሁ፣ የቢሮው ወሬ ሁሉ ጠፋብኝ። ልደታ የድሮው ቤታችን ጣሪያ ላይ ተንበርክኬ ዝንብ ሳባርር ራሴን አየሁት።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባዬ አብነት ሰፈር የሚሠራ ብረት በያጅ ነበር፤ ያን ዓመት የካቲት ላይ ግን ሳል አልጋ ላይ ጣለው። ጤና ጣቢያ ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። መድኃኒቱ ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳይዘለል የሚወሰድ ነው። ነርሷ እማዬን ለብቻዋ ጠርታ፣ ካቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ስለሚለምደው ሊያድነው የሚችል ነገር አይኖርም አለቻት። እኔ በሩ ጥግ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ።

አባዬና ኪኒን ዓይንና ናጫ ነበሩ። ጠዋት በባዶ ሆዱ ውጦ አፉ እንደመረረው ይውላል፤ ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። አንድ ቀን ኪኒኑን ትራሱ ሥር ሲከት አየሁት። ክው አልኩ። ለእኔ የትል መድኃኒት ሲሰጡኝ ጣፋጭ ያስከትሉልኝ ነበርና ሮጬ ከጎረቤታችን ግቢ፣ ከእንጆሪው ዛፍ፣ አንድ እፍኝ ለቅሜ መጣሁ። "ይቺን አስከትልባት" አልኩት። ኪኒኑን ከትራሱ ሥር አውጥቶ ዋጠ፤ እንጆሪውንም አላመጠ። ምሬቱን ወሰደልህ ወይ ስለው "ድራሹን አጠፋው" አለኝ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባዬ ነፍስ በእኔ እጅ ያለች መሰለኝ።

ችግሩ ዛፉ ነው። ዝናቡ ሲጠነክር ፍሬው ያልቃል፤ ኪኒኑ ግን እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። ስለዚህ አደርቀዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። በሰፈራችን ቋንጣ ይደርቃል፣ በርበሬ ይደርቃል፣ እንጆሪ ሲደርቅ ያየ ሰው ግን አልነበረም። የዛፉ ባለቤት፣ ጡረተኛው ጋሼ፣ ይሄ እኮ ውሃ ነው፣ ምኑ ይደርቃል ብለው ሳቁብኝ። ቢስቁም መሰላላቸውን አበደሩኝ።

መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ እንዲሁ አሰጣሁት። ግማሹን ወፍ ለቀመው፣ ግማሹ ቀልጦ ቆርቆሮው ላይ ተጣበቀ። ሁለተኛውን ዙር ሰፌድ ላይ አደረግኩት። በአምስተኛው ቀን ጭምትርትር ብሎ ሳየው በደስታ ልሞት ነበር! አባዬ ኪኒኑን ውጦ ሁለቱን አፉ ከተተ። ከዚያ ሳሉ ተነሳ። ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እማዬ ውሃ ይዛ ስትሮጥ ትዝ ይለኛል። ለካ ሰፌዱ የበርበሬ ማስጫችን ኖሯል። አራግፌው ነበር እኮ! በርበሬ ግን በማራገፍ ብቻ ከሰፌድ አይለቅም። እማዬ "ሰውዬውን ልትገድዪው ነው?" አለችኝ። ከቤት ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። አልቅሼ ሲወጣልኝ መሰላሉን ይዤ ወደ ዛፉ ተመለስኩ።

ለሦስተኛው ዙር የእማዬን አሮጌ ነጠላ ሳልጠይቃት ወሰድኩ። ከሥሩ ነፋስ እንዲገባ በሁለት የቀርከሃ ሳጠራ ላይ ወጠርኩት። ነጠላው ወይን ጠጅ ቀለም ጠጥቶ ያ ቀለም እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ እማዬ ስታየው ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አልተናገረችኝም። ክፍል ውስጥ ዓይኔ ከመስኮቱ አይነቀልም ነበር። አንድ ቀን ሰማዩ ሲያጉረመርም ሰማሁና መምህሩን ሽንት ቤት ብዬ አስፈቅጄ እስከ ቤት በረርኩ። ዝናቡን ለጥቂት ቀደምኩት፤ ነጠላውን እንዳለ ጠቅልዬ ቤት አስገባሁት። በማግስቱ ተገረፍኩ፤ እንጆሪው ግን አንድም ጠብታ አልነካውም።

የወተት ዱቄት ጣሳ ሙሉ ወጣው። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ጠዋት ጠዋት ኪኒን፣ ውሃና አምስት ፍሬ ይዤ አባዬ አልጋ አጠገብ እቆማለሁ። "አፍህን ክፈት" እለዋለሁ። ምላሱን ሳላይ አልሄድም። ግትር ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። ዛሬ በዚያ ሰፈር ጣሪያውም ዛፉም የለም፤ ፎቅ ቆሞበታል። አባዬም በእርጅና ካረፈ አራት ዓመቱ ነው።

ያኔ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ነርሷ ጨርሰዋል፣ ድነዋል አለችው። ማታ ጣሳውን ይዤ ሄድኩ። አሥር የምትሆን ፍሬ ተርፋ ነበርና አሁን ደግሞ ያለ ኪኒን፣ ለደስታ ብላ አልኩት። ሳቀ። ብዙ ሳቀ፤ አንዴም ሳይስል።

"ካልተቆጣሽ ልንገርሽ" አለኝ። "ከኪኒኑ እሱ ይብስ ነበር። ድንጋይ ነው። ምሬቱንም አንድ ቀን ወስዶልኝ አያውቅም።"

"ታዲያ ለምን ትበላው ነበር?" አልኩት።

"አንቺ ቆመሽ እያየሽኝ እንዴት ልተወው?"

ተናደድኩ። ያ ሁሉ መሰላል፣ ያ ሁሉ ዝናብ፣ ያ ሁሉ ግርፊያ! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አባዬ ጣሳውን ከእጄ ወሰደና አንዷን ፍሬ አወጣ። ዓይን ዓይኔን እያየ ቀስ ብሎ አላመጣት፣ ዋጣት፣ ከዚያ ሳልጠይቀው አፉን ከፍቶ አሳየኝ።