ያለዘብሁት «ለምን»

ሥራ የጀመርሁ ዕለት የተረከብሁት አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ እሽግ ካርቦንና አንድ ሮማኒያዊ ነው። ቦታው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ያለ የመስኖ ፓምፕ ጣቢያ ነበር። ሮማኒያ ተምሬ ከተመለስሁ ወር አልሞላኝም። ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻዬን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና፣ «እንግዲህ ጓድ ተርጓሚ፣ ሰውዬው ካንተ በቀር አፍ የለውም» አለኝ።

ሰውዬው ኢንጂነር ኢዮን ይባላል። ረጅም ነው፤ አንገቱን ፀሐይ አቅልቶታል። ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል ነበረችው፦ «ዴ ቼ»። «ለምን» ማለት ነው። ቧንቧው ለምን እዚህ ጋ ታጠፈ? ታንኳ ለምን ከደንገል ይሠራል? እናንተ ለምን ረቡዕ ረቡዕ ሥጋ አትበሉም? ተቆጥቶ እንዳይመስላችሁ፤ ማወቅ ስለሚወድ ነው። ወይ ኢዮን! ዛሬም ሳስበው ብቻዬን እሥቃለሁ።

ጭንቁ የኔ ነበር። የፓምፑ ኦፕሬተር አቶ መርሻ የደቅ ደሴት ሰው ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ኢዮን ቫልቩ ለምን በግማሽ እንደተከፈተ ሲጠይቅ እንደወረደ ገለበጥሁት። «አቶ መርሻ፣ ቫልቩን ለምን ግማሽ ብቻ ከፈቱት? ይላል።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምን አጠፋሁ?» አሉ። ቫልቩን እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ታላቅን ሰው ፊት ለፊት «ለምን» ማለት መክሰስ ነው። በዚያ ላይ ጊዜው በየስብሰባው ሰው ከመቀመጫው እያስነሡ «ለምን» የሚሉበት ጊዜ ነበር። ቃሉ ራሱ ሰው ያስበረግጋል።

እኔም ዘዴ ፈጠርሁ። ኢዮን «ዴ ቼ» ሲል «ነገሩ እንዴት ነበር፣ አቶ መርሻ?» እላለሁ። እርሳቸው ከሥሩ ጀምረው ያጫውቱኛል። ምክንያቱን ከጨዋታው መሀል ለቅሜ ለኢዮን አቀብለዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለቱ ተዋደዱ። አቶ መርሻ ከደቅ ሲመለሱ ሎሚ ያመጡለታል፤ እርሱም የራሱን መፍቻ ሰጣቸው። «አባ መርሻ» ነው የሚላቸው። «ኧረ አባ የሚባለው መነኩሴ ነው» ብዬ ደጋግሜ ብነግረው አልሰማኝም። እኔ ደግሞ በዘዴዬ ኮራሁ። ተርጓሚ ማለት አስታራቂ ማለት መሰለኝ።

አንድ ሚያዝያ ላይ ለዘመድ ሠርግ ማክሰኝት ሄጄ ስመለስ ፓምፑ ሁለት ቀን ቆሞ እንደነበር ሰማሁ። ሁለቱ ሰዎች ያለኔ በእጅ በእጃቸው እየተግባቡ ፈታተው ጠግነውታል። በቃ ተሠርቷል ብዬ ምክንያቱን አልጠየቅሁም።

ብዙም ሳይቆይ ከበላይ መሥሪያ ቤት ለኢዮን ደብዳቤ መጣ። ለውጭ ባለሙያ የሚጻፈው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ኢዮን ግን እንግሊዝኛ ስለማያውቅ እኔ እተረጉምለታለሁ። ጥያቄው አንድ ነው፤ በ«ዋይ» ይጀምራል፦ ኦፕሬተሩ ፓምፑን ያለ ትእዛዝ ለምን አቆመ?

«ዋይ»ን «ዴ ቼ» ማለት መዝገበ ቃላት መግለጥ እንኳ አይፈልግም። እጄ ግን ማለዘብ ለምዶበታል። «ኩም» ብዬ መታሁት፤ በሮማኒያኛ «እንዴት» ማለት ነው። በኔ ቤት አቶ መርሻን ከክስ ማውጣቴ ነበር።

ኢዮን ሐቀኛ ሰው ነው፤ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። «ኦፕሬተሩ ረፋድ ላይ ማብሪያውን አጠፋ። ቀጥሎ ቫልቩን ዘጋ። ከማንም ፈቃድ አልጠየቀም።» ፈረመበት፤ እኔም ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ላክሁት።

በሳምንቱ ሁለት ሰዎች መጥተው አቶ መርሻን ወሰዷቸው። ክሱ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ተባለ። ያ ስም የተለጠፈበት ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ባለቤታቸው የጣቢያው በር ላይ ይዘውኝ፣ «ልጄ፣ አንተ ደብዳቤውን የምታውቅ፣ ኧረ ምን አድርገው ነው?» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ።

ወደ ኢዮን ሮጥሁ። «አቶ መርሻ ፓምፑን ለምን አቆሙት?»

አፍጥጦ አየኝ። «አታውቅም እንዴ? ደንገል መምጠጫው ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታው ግሎ ነበር። ዘንጉ ሊሰበር ምንም አልቀረው። እርሱ ባያቆመው ዛሬ ፓምፕ የለንም።»

«ታዲያ ምነው አልጻፍኸው?»

«ማን ጠየቀኝ? ደብዳቤው እንዴት አቆመው ነው የሚለው።»

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁና፣ «ጓድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጥያቄውን ቀይሬ ነው የተረጎምሁት» አልሁ።

«ሳታውቅ ነው፣ አይደለም?» አለኝ። ማምለጫ እየሰጠኝ ነበር፤ ደግ ሰው ነው።

«አውቄ ነው። ቃሉ ለሽማግሌ ከብዶ ታየኝ።»

«አንተ እብድ!» አለና ወረቀት ወረወረልኝ። «ጻፍና ፈርም።» ጻፍሁ። እኔንም መጥተው ይወስዱኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ኢዮን ትክክለኛውን ጥያቄ ሲያነብ አንድ ሙሉ ገጽ መለሰ።

አቶ መርሻ በአሥራ አንደኛው ቀን ተፈቱ። እኔ ከትርጉም ተነሥቼ ዕቃ ግምጃ ቤት ብሎን ስለይ ከረምሁ። በዚያ መቅረቱ ተመስገን ነው።

ቤታቸው ሄድሁ። ከስተዋል፤ ጢማቸው አድጓል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«አቶ መርሻ፣ እርስዎን ላድን ብዬ ነው» አልሁ። እንባዬ መጣ።

«አውቃለሁ ልጄ፤ አክብረኸኝ ነው» አሉ። «ግን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እንዴት አቆምኸው፣ ከማን ጋር አቆምኸው ሲሉኝ ከረሙ። ልናገር ስል የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ ይሉኛል። ለምን ያለኝ አንድ ሰው ጠፋ። ስንት ቀን ሙሉ፣ እባካችሁ ለምን በሉኝ እያልሁ ለመንኋቸው።»

በትርጉም ሥራ ላላችሁ ልጆች የምላችሁ ይህን ነው። «ለምን» ከተባለ «ለምን» ብላችሁ ተርጉሙ። መልሱን ባለቤቱ ያውቅበታል።