የትነበርሽ በሊማሊሞ ቁልቁለት

የትነበርሽ ሊማሊሞን የምትወርደው በሁለተኛ ማርሽ ነው። «ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬን ለክፉ ቀን ነው» ትላለች። ሾፌሮቹ ታዲያ «ኤሊ» የሚል ስም አወጡላት። እያለፏት ክላክስ ሲለቁባት በመስኮት አንገቷን አውጥታ የምትመልሰውን ስድብ የሰማ፣ የቄስ ልጅ ናት ቢሉት አያምንም።

ያን ቀን አይሱዙዋን ድንች ጭና ከደባርቅ ወደ አዲአርቃይ ስትወርድ፣ ጋቢና ውስጥ አያ ክንዱ የሚባሉ ሽማግሌ አሳፍራ ነበር። እሳቸውም አላረፉም።

«ምነው ልጄ፣ በእግሬ ብሄድ እቀድምሽ አልነበር?»

«ይውረዱና ይሞክሩት አያ!» አለች። ሁለቱም ሳቁ።

ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ከኋላ የማያቋርጥ ክላክስ ተሰማ። በመስታወት ብታይ «ኤሊ» ከሚሏት ሾፌሮች አንዱ የሆነው የመልካሙ ሚኒባስ ሰው እንደሞላ፣ ከጎማው ጭስ እየወጣ ይንደረደራል። መልካሙ ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ መውረድ ይወዳል፤ ማርሹን አውጥቶ፣ ማኪናውን ለቁልቁለቱ ለቆ፣ በየጠመዝማዛው ፍሬኑን እየረገጠ። ፍሬኑ ግሎ ግሎ ዛሬ አልይዝ አለው። እጁን በመስኮት አውጥቶ «ፍሬን የለኝም! ዞር በይልኝ!» ይላል።

«ዳር ያዢ! ይለፍ!» ብለው ጮኹ አያ ክንዱ።

ይለፍና የት ይሂድ? ቀጥ ያለው መንገድ ሊያልቅ ነው፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ገደል ነው። የትነበርሽ ቆማ ብትጠብቀው ደግሞ ግጭቱ ራሱ ይፈጃቸዋል። ማርሹን ጨምራ ነዳጅ ሰጠች።

«ጎሽ! አምልጪ!» አሉ አያ ክንዱ።

ምን ማምለጥ አለ! የሚኒባሱን ፍጥነት እስክታክል ነው የሮጠችው። ፍጥነታቸው እኩል ሲሆን ሚኒባሱ አይሱዙውን ከኋላ ነካ፣ ተደገፈ። ይኼኔ ያን ሳይግል የቆየ ፍሬኗን ያዝ ለቀቅ እያደረገች ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ መለሰችው። ሞተሩ አጓራ፤ ጭነቱ ወደ ፊት ተገፋ። ሁለቱ ማኪኖች እንደተጣበቁ መታጠፊያው አፋፍ ላይ ቀጥ አሉ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! እልልታው ገደሉን ሞላው። ተሳፋሪው እየወረደ የትነበርሽን አቅፎ አለቀሰ። እሷ ግን የመልካሙን ኮሌታ ይዛ «በፎሌ? ሰው ጭነህ በፎሌ?» ትላለች።

«እውነትሽን ነው፤ ያሻሽን በይኝ» አለ መልካሙ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ።

አያ ክንዱ ከጋቢናው ወረዱ። በዚያ አገር ሰው ሲፎክር የአባቱን ወይ የአለቃውን ስም ይጠራል። እሳቸው ጋቢያቸውን አደገደጉ፣ ዱላቸውን ወደ ሰማይ ሰበቁ፣ ከዚያ ባላቸው ድምፅ ሁሉ፦

«ዘራፍ! የየትነበርሽ አሽከር!»